ባላንስ ትራንስፈር ምንድን ነው?

«አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ምን ያስጨንቀዋል? ባላንስ ትራንስፈር ያስደርገው፤ 21 ወር ሙሉ ወለድ የማይታሰብበት ዶላር ነው።» እንዲህ ብሎ የሚመክር ተንታኝ ሰሞኑን በዝቷል። የጥር ሠርግ ሲቃረብ ወይም የተጀመረው ቤት ጣሪያ ላይ ሲቆም፣ ጎንደር ያለው ወንድም ዋሽንግተን ላለችው እህቱ ይደውልና «ያን ዜሮ ፐርሰንት የሚባለውን ለምን አትወስጅልንም?» ይላታል። እሷም እንደዚያ እንዳልሆነ ልታስረዳው ስትሞክር ንፉግ ትባላለች።

ንፉግ አይደለችም። ባላንስ ትራንስፈር ለማንም በእጁ ገንዘብ አይሰጥም። አንድ ሰው በክሬዲት ካርዱ (በባንክ ብድር በሚገዛበት ካርድ) ያለበትን ዕዳ ሌላ ባንክ ይከፍልለትና ዕዳው ወደዚያ ባንክ ካርድ ይዞራል፤ ነገሩ ይኸው ነው። ገንዘቡ የሚሄደው ከባንክ ወደ ባንክ ነው። አዲሱ ባንክ ደንበኛ ለመሳብ ሲል ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 21 ወር፣ ወለዱን ዜሮ ወይም ዝቅ ያለ ያደርጋል፤ በምትኩ ከሚዞረው ዕዳ ላይ በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 በመቶ የማዛወሪያ ክፍያ ይወስዳል። ጊዜው ሲያበቃ በቀረው ዕዳ ላይ መደበኛው ወለድ ይጀምራል። እሱም በአሜሪካ ካርዶች ብዙ ጊዜ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። ዕዳ የሌለበት ሰው የሚያዛውረው ነገር የለውም።

እኛ ፒያሳ ላይ ማሽን ውስጥ የምንከተው ካርድ የራሳችንን ተቀማጭ የሚያወጣ ስለሆነ ግራ መጋባቱ አይገርምም። የሚገርመው ቁጥር እየጠቀሰ የሚያስተምረው ሰው ግራ መጋባቱ ነው።

ጎንደር ውስጥ ከአዘዞ ወደ ማራኪ ቤት የሚቀይር ተከራይ እናስብ፤ ዕቃው ዕዳው፣ ኪራዩ ወለዱ፣ አከራዩ ባንኩ ነው። የአዘዞው አከራይ ኪራዩን ሰቅሎበታል። የማራኪው ደግሞ «የመጀመሪያውን ዓመት ተኩል ኪራይ አልቀበልህም» ብሎታል። ዕቃው ግን በራሱ እግር አይሄድም፤ አይሱዙ ይከራያል፣ ለጫኝና አውራጅ ይከፈላል። የማዛወሪያ ክፍያው ይህ ነው፤ ኪራይ ባይባልም የሚወጣው ከዚያው ኪስ ነው። አልጋውና ቡፌው ማራኪ ስለደረሱ አንድም አይቀንሱም። የአዲሱ ቤት ስፋት የካርዱ ሊሚት፣ ማለትም ባንኩ የፈቀደው የዕዳ ጣሪያ ነው፤ ካልበቃ የተረፈው ዕቃ አዘዞ ይቀራል፣ ለእሱም የድሮው ኪራይ ይቀጥላል። ቦታውን የሚይዘው ዕቃው ብቻ አለመሆኑን ደግሞ ብዙ ሰው አያስተውልም፤ ክፍያውም ከሊሚቱ ላይ ይቆጠራል። 5,000 ዶላር ሊሚት ባለው ካርድ፣ ክፍያው 5 በመቶ ከሆነ፣ ማዛወር የሚቻለው ቢበዛ 4,761 ዶላር ነው። አንዳንድ ባንኮች ከሊሚቱም በታች ጣሪያ ያስቀምጣሉ። አንድ አከራይ የራሱን ተከራይ ከአንዱ ክፍሉ ወደ ሌላው አዙሮ ነጻ ወራት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ባንኮችም ከራሳቸው ካርድ ወደ ራሳቸው ካርድ አያዛውሩም። ደላላም አለ፤ ካርዶችን ጎን ለጎን አስቀምጠው የሚያወዳድሩት ድረ ገጾች አመልካች ባመጡ ቁጥር ከባንኮቹ ኮሚሽን ስለሚያገኙ ከላይ የሚያሳዩት ሁልጊዜ ርካሹን አይደለም።

ምሳሌው የሚሰበረው አንድ ቦታ ላይ ነው። ተከራዩ ዕቃውን ይፈልገዋል። በዕዳ ዝውውር ግን ነጻዎቹ ወራት የተሰጡት ዕቃውን፣ ማለትም ዕዳውን፣ አንድ በአንድ ለማስወገድ ነው። ዓመት ተኩሉን በዝቅተኛው ወርሃዊ ክፍያ ብቻ የገፋ ሰው አብዛኛው ዕዳ እንዳለ ሆኖ መደበኛው ወለድ ይጠብቀዋል።

ተንታኙ በዚህ አላበቃም። «ዶላሩን ወደ ብር ለውጦ መሥራት ነው፤ ብር እየወረደ ስለሆነ ያተርፋል» ብሏል። ይህ ስሌቱን ገልብጦ መያዝ ነው። ዕዳው በዶላር ነው፤ የተለወጠው ገንዘብ በብር ነው። ብር ሲወርድ ዶላሩን ለመመለስ የሚያስፈልገው ብር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር ከ60 ብር በታች ነበር፤ በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል። ተመኑ ሊለቀቅ ሲል 6,000 ዶላር ተበድሮ ወደ ብር የለወጠ ሰው ሊመልሰው የሚገባው ከ350,000 ብር ገደማ ተነስቶ ከ600,000 ብር በላይ ሆኖበታል፤ ወለዱን ሳንቆጥር።

ከክሬዲት ካርድ ላይ ገንዘብ ወደ ጎንደር መላክ ደግሞ ስሙም ሌላ ነው፤ ካሽ አድቫንስ ይባላል። በሐዋላ ድርጅት በኩል በክሬዲት ካርድ ሲላክም አብዛኞቹ ባንኮች እንደዚያው ይቆጥሩታል። ክፍያው ብዙ ጊዜ 5 በመቶ ነው፣ የወለድ ምጣኔው ከመደበኛው ከፍ ይላል፣ የእፎይታ ጊዜ የለውም፤ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል። በካርዱ ማስታወቂያ ላይ ያለው ዜሮ እሱን አይመለከትም። እርግጥ አንዳንድ ባንኮች ለነባር ደንበኞቻቸው በማስተዋወቂያ ወለድ የሚሠራ ቼክ በፖስታ ይልካሉ፤ በእሱ የራስን አካውንት መሙላት የሚቻልበት ጊዜም አለ። ያም ቢሆን የማዛወሪያ ክፍያ አለው፣ የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፣ ዕዳውም የሚቀረው በእህትየው ስም ነው።

ወደ ማወዳደሩ እንምጣ። ሰው ሁሉ የሚያየው የወሩን ብዛት ነው፤ 21 ከ18 ይበልጣልና 21ን ይመርጣል። መታየት ያለበት በወር መክፈል የሚቻለው ገንዘብ ነው። 6,000 ዶላር ዕዳ በ24 በመቶ ወለድ አለ እንበል። የመጀመሪያው ካርድ 18 ወር ዜሮ፣ ክፍያው 3 በመቶ፤ ሁለተኛው 21 ወር ዜሮ፣ ክፍያው 5 በመቶ ነው። ጊዜው ካለፈ በኋላ ሁለቱም 24 በመቶ ያስከፍላሉ።

በወር 360 ዶላር የሚከፍል ሰው በሁለቱም ካርድ በ18ኛው ወር ይጨርሳል። ወጪው በመጀመሪያው 180፣ በሁለተኛው 300 ዶላር ነው። ባያዛውር ኖሮ በ21 ወር ውስጥ 1,370 ዶላር ገደማ ወለድ ይከፍል ነበር። በወር 300 የሚከፍል ሰው ለ21 ወሩ ልክ የተሠራለት ይመስላል፤ 6,300 ዶላሩ በ21 ወር እኩል ይከፈላልና። ግን በ18 ወሩ ካርድ ቢገባ በነጻው ጊዜ 5,400 ይከፍላል፣ 780 ይቀርበታል፣ በሚቀጥሉት ሦስት ወራት የሚታሰብበት ወለድ 30 ዶላር አይሞላም። ድምሩ 210 ዶላር ገደማ ነው፤ አሁንም አጭሩ ካርድ በ90 ዶላር ይረክሳል። ረጅሙ የሚያሸንፈው ወርሃዊ ክፍያው ወደ 200 ዶላር ሲወርድ ነው፤ ያኔ አጭሩ 614፣ ረጅሙ 581 ዶላር ገደማ ያስወጣል። (ባንኮች ወለድ የሚያሰሉት በየቀኑ ስለሆነ ትክክለኛው ቁጥር ከዚህ ትንሽ ከፍ ይላል፤ ደረጃው ግን አይለወጥም።)

ዜሮ ያልሆነውንም መናቅ አይገባም። ክሬዲት ዩኒየን የሚባሉት፣ የእኛን የቁጠባና ብድር ማኅበራት የሚመስሉት፣ አንዳንዶቹ ያለ ማዛወሪያ ክፍያ በዝቅተኛ ወለድ ይቀበላሉ። ያው 6,000 ዶላር በ6 በመቶ ወለድ፣ ያለ ክፍያ፣ በ12 ወር ቢከፈል ወርሃዊው 516 ዶላር ከ40 ሳንቲም ይሆናል፤ ጠቅላላ ወለዱ 197 ዶላር ገደማ ነው። 5 በመቶ ክፍያ ያለበት «ዜሮ» ግን 300 ይወስዳል።

እግረ መንገዴን፣ እዚህ አገርም ወለድን በቁጥሩ ብቻ ማወዳደር ሰው ይጎዳል። አንዱ አበዳሪ 12 በመቶ ፍላት፣ ሌላው 18 በመቶ በቀሪ ዕዳ ላይ ቢል፣ ርካሹ 18ቱ ነው። ፍላት ማለት ዋናው ገንዘብ እየተመለሰም ወለዱ በመጀመሪያው ብድር ላይ መታሰቡ ነው፤ በየወሩ ለሚከፈል የአንድ ዓመት ብድር 12 በመቶ ፍላት በቀሪ ዕዳ ሲሰላ 21.5 በመቶ ገደማ ይሆናል። ብድርን ከባንክ ወደ ባንክ ማዛወርም እኛ ጋ አለ፤ ግን ቤት ያስያዘ ሰው የቀሪ ዕዳ ደብዳቤ ማውጣት፣ ቤቱን እንደገና ማስገመት፣ የድሮውን እገዳ አስነስቶ አዲስ ማሳገድ አለበት። የአሜሪካው ካርድ መያዣ ስለሌለው ነው በስልክ የሚያልቀው። ሁለቱን አንድ ነው የሚል ሰው ካርታ አስይዞ አያውቅም።

ማመልከቻው ላይ የሚጠየቀው የድሮው ካርድ ቁጥርና የሚዛወረው መጠን ነው። ከማመልከት በፊት ባንኩ ድረ ገጽ ላይ «ብቁ ነኝ ወይ» የሚለውን መሞከር ክሬዲት ስኮርን (የሰውን የተበዳሪነት ነጥብ) አይነካም፤ ማመልከት ግን ትንሽ ይቀንሰዋል። አምስት ካርድ በአንድ ሳምንት ማመልከት የማይመከረውም ለዚህ ነው። ጥሩ የሚባሉት ቅናሾች ከ670 በላይ ስኮር ላለው ሰው ነው የሚደርሱት፤ አገሩን በቅርቡ የረገጠ ሰው ባያገኛቸው ሰንፎ አይደለም። ቅናሹ ሲመጣ ማስታወቂያውን ትቶ ሕግ የሚያስገድደውን የወለድና የክፍያ ሠንጠረዥ ማየት ነው። እዚያ ላይ የዝውውሩ ወለድ፣ የግዢው ወለድ፣ የካሽ አድቫንሱ ወለድ በየረድፋቸው ተለይተው ይቀመጣሉ። ለግዢ ዜሮ የሆነ ለዝውውር ዜሮ ላይሆን ይችላል። ዝውውሩ ካርዱ ከተከፈተ በ60 ወይም በ120 ቀን ውስጥ መጠየቅ እንዳለበትም እዚያው በትንሽ ፊደል ተጽፎ ይገኛል።

የዕቃ መደብሮች «በ12 ወር ከከፈሉ ወለድ የለም» የሚሉት ሌላ ነገር ነው። ያ ለሌላ ጊዜ የተላለፈ ወለድ ነው። 2,000 ዶላር ሶፋ ተገዝቶ 12ኛው ወር ላይ 50 ዶላር ቢቀር፣ ወለዱ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይመጣል። በእውነተኛ ዜሮ ካርድ ወለድ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ በ50ዋ ላይ ብቻ ነው።

በ2009 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የአሜሪካ የክሬዲት ካርድ ሕግ የማስተዋወቂያ ወለድ ቢያንስ 6 ወር እንዲቆይ ያስገድዳል፤ ከፋዩ 60 ቀን ካላሳለፈ በቀር የማስተዋወቂያው ጊዜ ሳያበቃ በተዛወረው ዕዳ ላይ ወለዱን መጨመር አይፈቅድም። ከዝቅተኛው ክፍያ በላይ የሚከፈለው ገንዘብ መጀመሪያ ከፍተኛ ወለድ ወዳለበት ዕዳ እንዲሄድም ያዛል። ዝቅተኛው ክፍያ ራሱ ግን ወደ ዜሮው ዕዳ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ በዚያ ካርድ አስቤዛ መግዛት አያዋጣም፤ የተዛወረው ዕዳ እስካለ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ አዲሱ ግዢ የእፎይታ ጊዜ ስለሌለው፣ ግዢውም ዜሮ ካልተባለ በቀር፣ ወለዱ ከግዢው ቀን ይቆጠራል።

ዝውውሩ ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ የድሮው ካርድ ክፍያ መቋረጥ የለበትም። የድሮው ካርድ ዜሮ ከሆነ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። በ24 በመቶ ወለድ 6,000 ዶላር በየቀኑ 3 ዶላር ከ95 ሳንቲም ያህል ይወልዳል። ከመጨረሻው ስቴትመንት (ወርሃዊ የሂሳብ መግለጫ) እስከ ዝውውሩ ቀን 10 ቀን ካለፈ 39 ዶላር ገደማ ሳይታይ ተጠራቅሞ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ሰው ካርዱ ዜሮ ነው ብሎ አፑን ያጠፋል፤ 39 ዶላሩ የመዘግየት ቅጣት ይጨመርበታል፣ 30 ቀን ሲያልፈው ደግሞ ክሬዲት ሪፖርት ላይ ሊሰፍር ይችላል። ከዝውውሩ በኋላ የሚመጡት ሁለት ስቴትመንቶች ተከታትለው ዜሮ እስኪሉ የድሮውን ካርድ ኦቶ ፔይ (ከአካውንት በራሱ የሚከፍለውን) አለማጥፋት ነው።