«የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ»፦ ለመሆኑ ኢዮብ ዝም ብሎ ነበር?

በቀደም አንድ ባንክ ቤት ተሰልፈን «ሲስተም የለም» ተባልን። አንድ ሰዓት አለፈ። ከፊቴ የነበሩ እናት ነጠላቸውን አስተካከሉና «ኧረ የኢዮብን ትዕግሥት ይስጠን!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። በሳምንቱ ሰፈራችን ለቅሶ ሆነ። ጎረቤታችን ወንድ ልጇን ቀብራ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። አንድ ሽማግሌ ጎንበስ ብለው «ልጄ፣ የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ» አሏት። ያን ጊዜ የሳቀ የለም።

ይቺ አባባል ለሲስተምም ለሞትም ታገለግላለች። ስንናገራት ግን ልብ የማንላት ነገር አለች፤ «ይስጥሽ» የምትለዋ። ሽማግሌው «ታገሺ» አላሏትም። ይህን የሚያህል ትዕግሥት ከራሷ አውጥታ እንደማትችለው ያውቃሉ። ስለዚህ ሰጪውን ለመኑላት። ምርቃት ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ትርጉሙም ከአቅም በላይ የሆነ መከራ የደረሰበት ሰው እምነቱ ሳይወድቅ እንዲያልፈው መመኘት ነው።

ምንጩ መጽሐፈ ኢዮብ ነው። ኢዮብ የዖፅ አገር ሰው ነው። ሰባት ወንዶችና ሦስት ሴቶች ልጆች ነበሩት። በጎቹ 7,000፣ ግመሎቹ 3,000፣ በሬዎቹ 500 ጥማድ፣ እንስት አህዮቹ 500። ይህ ሁሉ በአንድ ቀን ሄደ። አንዱ መርዶ ነጋሪ ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ይደርሳል። በመጨረሻ የመጣው የልጆቹን ሞት ነገረው። ኢዮብ ልብሱን ቀደደ፣ ራሱን ተላጨ፣ ሰገደ። በየቀብሩ የምንሰማትን «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» የተናገረው ያኔ ነው። ቀጥሎ ሰውነቱን ከእግር እስከ ራሱ ቁስል መታው። አመድ ላይ ተቀምጦ በገል ይፋቅ ጀመር።

አባባሉ የተያዘው ግን በሐዲስ ኪዳን በኩል ይመስለኛል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 5 ላይ «ኢዮብ እንደ ታገሠ ሰምታችኋል» ይላል። «ሰምታችኋል» ነው ያለው። ያኔም ታሪኩ በሰው አፍ ነበር ማለት ነው። በእኛም ቤተ ክርስቲያን ግንቦት 2 ጻድቁ ኢዮብ ይታሰባል።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ብዙዎቻችን የኢዮብን ትዕግሥት ዝምታ አድርገነዋል። መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው። ኢዮብን ከማጉረምረሙ በፊት የምናየው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ነው። ሦስተኛው ላይ አፉን ይከፍትና የተወለደባትን ቀን ይረግማል። ከዚያ እስከ 31ኛው ድረስ ይሟገታል። ለምን እንደሆነ ንገረኝ ይላል። አምላኩን ፍርድ ቤት የማቆም ያህል ይናገራል። ግን አንድ ነገር አያደርግም፤ ጥሎት አይሄድም። «ቢገድለኝ ስንኳ እርሱን በትዕግሥት እጠባበቃለሁ» ያለው በዚሁ ሙግት መሐል ነው።

ሚስቱን ደግሞ ሁሌ እንወቅሳታለን። «እግዚአብሔርን ስደብና ሙት» አለቻ! እናት መሆኗን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። የሞቱት አሥሩም የእሷም ልጆች ናቸው። በግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ንግግሯ ረዘም ይላል። «እስከ መቼ ትታገሣለህ?» ብላ ትጀምራለች። በምጥ የወለደቻቸው በከንቱ እንደቀሩ፣ እሷም ከቤት ቤት እየዞረች የቀን ሥራ ስትሠራ ጀንበር እስክትጠልቅ እንደምትጠብቅ ትነግረዋለች። ይህን ካነበብኩ በኋላ እሷን መውቀስ አልቻልኩም።

ወዳጆቹ ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር ለቅሶ ሊደርሱ ከሩቅ መጡ። ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ አንድ ቃል አልተናገሩም። ይህን እኛም እናውቀዋለን። ለቅሶ ቤት ገብተን «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብለን፣ ጥቂት አቀርቅረን ተቀምጠን እንወጣለን። ጎበዝ አስተዛዛኝ ከዚህ በላይ አይናገርም። የኢዮብ ወዳጆች የተበላሹት ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። «ያለ ኃጢአት እንዲህ አይደርስም» አሉት። በመጨረሻው ምዕራፍ እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ነው፤ እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገራችሁም አላቸው። ኢዮብ እንዲጸልይላቸውም ላካቸው። የጮኸው ሰው ለሰባኪዎቹ አማላጅ ሆነ። እኔ ይህቺን ቦታ በጣም ነው የምወዳት።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን «አላህ ሶብሩን ይስጣችሁ» ይላሉ፤ ትዕግሥቱን ማለታቸው ነው። እነሱም የሚለምኑት ሰጪውን ነው። ነቢዩ አዩብ፣ ማለትም ኢዮብ፣ በቁርኣን በሱረቱል አንቢያ ጉዳት እንደደረሰባቸው ለጌታቸው ይናገራሉ፤ አንተ ከአዛኞች ሁሉ አዛኝ ነህ ይሉታል። በሱረቱ ሷድ ደግሞ ታጋሽ ሆነው እንደተገኙ ይመሰከርላቸዋል። ለጌታቸው ስሞታ ማቅረባቸው ታጋሽ ከመባል አላገዳቸውም።

በለቅሶው በሁለተኛው ቀን ጎረቤታችን ድንገት ከፍራሹ ተነሣች። «ምን አደረግኩህ? እኔን አስቀርተህ እሱን?» ብላ ጮኸች። ለእኛ እየተናገረች አልነበረም። አንዷ ሴትዮ «ተይ፣ ማማረር ኃጢአት ነው» ልትላት ብድግ ስትል፣ እኚያ የመረቋት ሽማግሌ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አስቀመጧት። ቤቱ ጸጥ አለ። ንፍሮ የሚያዞረው ልጅ እንኳ ባለበት ቆመ።

በሰልስቱ ማለዳ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ደጀ ሰላሙ ጋ ደርሳ ግንቡን ተሳለመች። ከዚያ ግንባሯን ግንቡ ላይ አስደግፋ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቅዳሴው ተጀምሮ እንኳ ከዚያ አልተነሣችም።