ጎርጎራ ሲከፈት ጣና ለምን እምቢ አለ? ስለ ፓይተን ፋይሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የእህቴ ልጅ ባሕር ዳር ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እየተማረ ነው። እናቱ ጣና ዳር ከአስጋሪዎች ዓሣ ተረክባ ትሸጣለች፤ እሱ የየቀኑን ኪሎ ላፕቶፑ ላይ ይመዘግብላታል። ባለፈው ቅዳሜ ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን ቁጭ ብለን «ጋሼ፣ ይሄ ፓይተን ተበላሽቷል» አለኝ። ያልተበላሸ ነገር ነው የተበላሸበት። ኮዱን እዚህ በፊደላችን እየጠራሁት እሄዳለሁ።

«ፋይሉ ካለ ይከፈታል»

አድራሻውን ሲጽፍ ዲ ድራይቭ አለና ባክስላሽ (\) አስከትሎ በእንግሊዝኛ ፊደል ጣና ብሎ ጻፈ። እምቢ አለ። ፋይሉን ባሕር ዳር ብሎ ሰየመው። አሁንም እምቢ። ጎርጎራ ሲለው ግን ወለል ብሎ ተከፈተ! «ጎንደሬ ነው እንዴ?» ብሎ አሳቀኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በጥቅስ ውስጥ ባክስላሽ ከቲ ጋር ሲገጥም ፓይተን ታብ (ሰፊ ክፍተት) ያደርገዋል። ከቢ ጋር ሲገጥም ባክስፔስ (ወደ ኋላ መመለሻ) ይሆናል። ጂ ግን እንዲህ ያለ ትርጉም ስለሌለው ስሙ እንዳለ ያልፋል፤ ከፓይተን 3.12 ወዲህ ማስጠንቀቂያ ብቻ ይመጣል። ባክስላሹ እንዳለ እንዲነበብ ከጥቅሱ በፊት አር የሚለውን ፊደል ጨምሩ፤ ወይም ፎርዋርድ ስላሽ (/) ተጠቀሙ፤ ዊንዶውስም ይቀበለዋል።

«በደብልዩ ከፍቼ ምንም ካልጻፍኩ ምንም አይጠፋም»

ይጠፋል። ፋይል የሚከፍተውን ኦፕንን በደብልዩ (በመጻፊያ) ሞድ ስትጠሩት ፋይሉ ያኔውኑ ባዶ ይሆናል፤ አንድ ፊደል ባትጽፉም። የሦስት ሳምንት የዓሣ ሂሳብ የሄደው በዚህ ነው። እናቱ ደብተር ላይ ባትይዘው ኖሮ ጉድ ፈልቶ ነበር። ከነበረው ላይ ለመቀጠል ኤ የሚባለው ሞድ አለ። እኔ የምወደው ግን ኤክስን ነው፤ በዚያ ስም ፋይል ካለ አልነካም ብሎ ኤረር ይሰጣል።

«ራይት ካልኩ ዲስኩ ላይ ገብቷል»

የግድ አይደለም። በራይት የላካችሁት ጽሑፍ መጀመሪያ ሚሞሪ ላይ ይጠራቀማል። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ይዛችሁ መብራት ድርግም ካለ የመጨረሻዎቹ መስመሮች አብረው ሊሄዱ ይችላሉ። ፋይሉን በዊዝ ክፈቱ፤ ሥራው ሲያልቅ ራሱ ይዘጋዋል፤ የተጠራቀመውም ያኔ ወደ ፋይሉ ይሄዳል።

«ፓይተን አማርኛ አያነብም»

ይሄ ያናድደኛል። ጥፋቱ የአማርኛ አይደለም። ኢንኮዲንጉን (ፊደላት በፋይል ውስጥ የሚቀመጡበትን ስልት) ካልነገራችሁት ዊንዶውስ ላይ ብዙ ጊዜ የሲስተሙን ይወስዳል፤ ያ ደግሞ ፊደላችንን ላያውቅ ይችላል። ስትከፍቱ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 ነው በሉት፤ አለቀ። «ጣና» የሚለውን ቃል ርዝመት ለሚቆጥረው ሌን ብትሰጡት 2 ይላችኋል። ፋይሉ ውስጥ ግን 6 ባይት ይይዛል፤ ለእያንዳንዱ ፊደል 3። ደርዳሪው ሶርትድም ቃላቱን ከሀ እስከ ፐ ይደረድራል።

የሚያስቸግር ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። «ዓሣ» እና «አሳ» ለፓይተን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ስለዚህ እናቱ እንደመጣላት ከጻፈች ሂሳቡ ለሁለት ይከፈላል። የግዕዝ ቁጥር ደግሞ ይብሳል። «፩ አሃዝ ነው ወይ?» ብላችሁ ኢዝዲጂትን ብትጠይቁት አዎ ይላል፤ ወደ ቁጥር ቀይርልኝ ብላችሁ ለኢንት ስትሰጡት አልችልም ይላል።

«ከፓይተን ጋር አብሮ የመጣ ፈንክሽን አይሳሳትም»

ልጁ ከፋይሉ ሁለት ቁጥር አነበበ፤ ቆሮሶ 9 ኪሎ፣ አምባዛ 10 ኪሎ። ማክስን ትልቁ የቱ ነው ቢለው 9 ነው አለው። ማክስ አልተሳሳተም። ከፋይል የተነበበ ሁሉ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፍ ደግሞ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ይነጻጸራል፤ 9 ከ1 ይበልጣል። መጀመሪያ በኢንት መቀየር ነበረበት።

ቀየረና ሊደምር ሰምን ጠራ። አሁንም ኤረር። ወደ ላይ ሄደን ስናይ የመጀመሪያው መስመር ላይ ሰም እኩል ይሆናል 0 ብሎ ጽፏል። እነዚህ ስሞች የተቆለፉ አይደሉም፤ እሱ ራሱ በዜሮ ሸፍኖታል።

«ታዲያ ምን ልበለው?» አለኝ። ፓይተን የአማርኛ ስም እንደሚቀበል ነገርኩት፤ አላመነኝም። ዜሮውን የያዘውን ስም አጥፍቶ በፊደላችን «ድምር» ብሎ ጻፈ። እንደገና ሲያስነሳው 19 አለው።