«ዒላማውን ለይቶ የሚደርስ መድኃኒት» ሲባል ምን ማለት ነው?

«ዒላማውን ለይቶ የሚደርስ መድኃኒት» የሚለው አባባል ብዙ ሰው ያሳስታል። የመድኃኒቱ ቅንጣት ዓይን ኖሯት የካንሰር ዕጢውን ፈልጋ የምትሄድ ያስመስላል። እንዲያ አይደለም። መድኃኒቱን የሚሸከሙት እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች (ናኖ ቅንጣቶች) በደም ተጭነው በመላው ሰውነት ይዘዋወራሉ፤ ብዙዎቹም ጉበትና ጣፊያ ላይ ይቀራሉ። ቁም ነገሩ የት ሄዱ ሳይሆን የት ተከፈቱ የሚለው ነው።

የአንዷ ናኖ ቅንጣት መጠን ብዙውን ጊዜ ከ100 ናኖሜትር አይበልጥም፤ የአንድ ፀጉር ውፍረት ግን ወደ 80,000 ናኖሜትር ይጠጋል። በኢንዛይም በሚከፈተው ዓይነት ቅንጣት መድኃኒቱ በውስጧ ይታሸግና መውጫው ከጥቂት አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መገንቢያዎች) በተሠራ አጭር ሰንሰለት ይዘጋል። ብዙ የካንሰር ዕጢዎች ደግሞ በዙሪያቸው ያለውን ሕብረ ሕዋስ እየሰባበሩ ለመስፋፋት ኤምኤምፒ-2 እና ኤምኤምፒ-9 የተባሉ ኢንዛይሞች (ሌሎች ፕሮቲኖችን የሚቆርጡ ፕሮቲኖች) በብዛት ይጠቀማሉ። ኢንዛይሙ ያን ሰንሰለት ሲያገኘው እንደ መቀስ ይቆርጠዋል፤ ክዳኑ ይወድቃል፣ መድኃኒቱ ይፈስሳል። ዕጢው የተስፋፋበት መሣሪያ በራሱ ላይ ይዞራል። ከዚህ ሁሉ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ዶክሶሩቢሲን የተባለው የካንሰር መድኃኒት ልብን ሊጎዳ ይችላል፤ ታሽጎ እንዲያልፍ የሚፈለገውም ለዚህ ነው። ሆኖም «በኢንዛይም የሚከፈት» ማለት «ዕጢ ውስጥ ብቻ የሚከፈት» ማለት አይደለም። እነዚሁ ኢንዛይሞች በመዳን ላይ ባለ ቁስልና በተቆጣ መገጣጠሚያም ይገኛሉ። ሰንሰለቱ ኢንዛይሙ በበዛበት ቦታ ቶሎ፣ በሌላው ግን በዝግታ እንዲቆረጥ አድርጎ መሥራት የተመራማሪዎቹ ከባድ ፈተና ነው።