«ስድስት ጎራሽ ሁሉ አንድ ነው» እና ሌሎች ስለ አሮጌ የዒላማ ሪቮልቨር የሚነገሩ ስህተቶች

ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ግቢዬ መጡ። ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። የምንኖረው ሱሉልታ ነው፤ እንጦጦን ተሻግሮ፣ ክረምት ላይ ጭጋጉ እስከ ረፋድ የማይገፈፍበት። እኔ የቶርኖ ሠራተኛ ነኝ። ብረት ስለምነካ የሰፈሩ ሰው የተሰበረውንም የዛገውንም ይዞ ወደ እኔ ይመጣል።

«ልጄ፣ ይቺን እንደ መስታወት አድርግልኝ» አሉኝ።

ጨርቁን ስፈታው ልቤ ቀጥ አለ። አሜሪካ-ሠራሽ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሪቮልቨር ነው፤ ጥይቱን በሚዞር ሲሊንደር የሚጎርስ ሽጉጥ። ኬ-38 ማስተርፒስ፤ ረጅም አፈሙዝ፣ ከኋላ በብሎን የሚስተካከል ማነጣጠሪያ። ከአጎታቸው የወረሱት ነው፤ ፈቃዱንም በስማቸው አዙረዋል። ይህ ሽጉጥ የተሠራው ለዒላማ ውድድር እንጂ ወገብ ላይ ለመታጠቅ አይደለም። እኔ ሽጉጥ አልሰበስብም። የምሰበስበው የእነዚህን የዒላማ ሪቮልቨሮች ሥዕል፣ ልኬትና የልዩነታቸውን ዝርዝር ነው፤ ሁለት ደብተር ሞልቻለሁ። በእጄ ስይዝ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ሲሊንደሩን ከፍቼ ስድስቱም ጎሬ፣ ማለትም የጥይት ማደሪያው ቀዳዳ፣ ባዶ መሆኑን አረጋገጥኩ።

«ጋሼ፣ አላበርቀውም» አልኳቸው።

ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግማሽ ቀን ፈጀብን። ቡና ተፈላ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ተናገረ። ከተነገረው አብዛኛው የተሳሳተ ነበር። አንድ በአንድ ላንሳው።

«ሲያብረቀርቅ ዋጋው ይጨምራል»

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። በሪቮልቨሩ ላይ የምናየው ጥቁር ሰማያዊ መልክ ቀለም ቅብ አይደለም። ብረቱ ፋብሪካ ውስጥ በኬሚካልና በሙቀት ታክሞ ላዩ ላይ የፈጠረው ስስ ሽፋን ነው። የዝገት ዘመድ ነው፤ ግን ብረቱን የሚበላ ሳይሆን የሚጠብቅ። በብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። ቀጥሎ ፋብሪካው ቀጥ አድርጎ የሞረደው ጠርዝ ይዶለዱማል። የብሎኖቹ ቀዳዳ ዙሪያ እንደ ሳህን ይጎደጉዳል። ፊደሎቹ ይሳሳሉ። ዕቃውን የሚያውቅ ሰብሳቢ ከሁሉ አስቀድሞ ብርሃን ላይ አዘንብሎ የሚፈትሸው እነዚህን ሦስት ነገሮች ነው።

ከዓመታት በፊት አንድ ብረታ ብረት ቤት ውስጥ እንዲህ «የታደሰ» አሮጌ ሪቮልቨር አይቻለሁ። በእርግጥ ያበራ ነበር። ግን እጀታው ግርጌ ላይ ያለው መለያ ቁጥር ግማሹ ተበልቷል። ባለቤቱ ፈቃዱ ላይ ያለውን ቁጥር ከብረቱ ጋር ማስተያየት አልቻለም። ታሪኩም ሕጋዊነቱም አብረው ተፋቁ።

የጋሼ ሽጉጥ አፈሙዙ ጫፍ ላይ መልኩ ለቋል። ከቆዳ ማህደሩ ሲወጣና ሲገባ የኖረበት ምልክት ነው። እኔ እንዲያውም ያ ምልክት ባይኖር እጠራጠር ነበር። ያደረግኩት ስስ ዘይት በጥጥ ጨርቅ መቀባት ብቻ ነው።

«አሜሪካ-ሠራሽ ስድስት ጎራሽ ሁሉ ኮልት ነው»

እኛ ጠመንጃን በሠሪው ወይም በአገሩ መጥራት እናውቅበታለን። ውጅግራ ከፈረንሳዩ ግራ ነው፣ ምንሽር ከማንሊኸር፣ በልጅግ ከቤልጅግ። ሪቮልቨር ላይ ስንደርስ ግን ሁሉን አንድ ስም አልብሰን እናልፋለን።

መለየቱ ከባድ አይደለም። ሲሊንደሩን የምታስከፍተዋ ቁልፍ በግራ ጎን አለች። ኮልት ላይ ወደ ኋላ ትሳባለች። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ላይ ወደ ፊት ትገፋለች። አዟዟራቸውም ይለያያል፤ ከኋላ ሆነው ሲያዩት የኮልት ሲሊንደር በሰዓት አቅጣጫ ይዞራል፣ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን በተቃራኒው። ኮልት የራሱ የዒላማ ዘር አለው፤ ኦፊሰርስ ሞዴል ይባላል፣ ከ1904 ጀምሮ የተሠራ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሌላም ጥንቃቄ አለ። በስፔን ኤይባር ከተማ የነበሩ ሽጉጥ ሠሪዎች ስሚዝ ኤንድ ዌሰንን የሚመስሉ ብዙ ሪቮልቨሮች ሠርተዋል። አንዳንዶቹ አፈሙዝ ላይ የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ስም በትልቁ አለ። ሙሉውን ሲያነቡት ግን የሚለው «ለስሚዝ ኤንድ ዌሰን ጥይት የሚሆን» ነው።

«አፈሙዙ ላይ ያለው ዓመት የተሠራበት ነው»

በብዙ አሮጌ ሪቮልቨሮች ላይ የሚነበቡት ዓመቶች የፈጠራ መብት የተመዘገበባቸው ናቸው። ሽጉጡ ከዚያ ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ሊሠራ ይችላል።

ዕድሜን የሚናገሩት ሌሎች ምልክቶች ናቸው። እኔን እንቅልፍ የሚነሱኝም እነሱ ናቸው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ለሽጉጦቹ የሞዴል ቁጥር መስጠት የጀመረው በ1957 ነው። ኬ-38 ሞዴል 14 ተባለ፣ በቀጭን ጥይት የሚተኩሰው ወንድሙ ኬ-22 ደግሞ ሞዴል 17። ቁጥሩ የሚመታው ሲሊንደሩ ሲከፈት በሚታየው የአካሉ ክፍል ላይ ነው። የጋሼን ከፍተን በባትሪ አየነው። የሞዴል ቁጥር የለም። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ ነው።

ከዚያ ብሎን ቆጠርን። የድሮዎቹ አምስት ብሎን አላቸው፤ አራቱ የጎን ክዳኑን ይይዛሉ፣ አምስተኛው ከምላጩ ጥበቃ ፊት ለፊት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ከክዳኑ ላይ የላይኛው ቀረ። በ1961 ገደማ የፊተኛውም ቀረ። በጋሼ ሽጉጥ ላይ የላይኛው አለ። ካቻቪቴ አላስነካሁትም፤ በጣቴ ነው የቆጠርኩት። አንዱ ብሎን ከእጀታው እንጨት ሥር ስለሚደበቅ ሰዉ አራት ነው እያለ ተከራከረኝ።

አንድ ለውጥ አለ፣ እንደ ቶርኖ ሠራተኛ ባሰብኩት ቁጥር ደስ የሚለኝ። የተተኮሱ ቀልሆችን የሚያወጣው ዘንግ መጀመሪያ የብሎን ጥርሱ የቀኝ ነበር፤ ወደ ቀኝ ሲዞር የሚጠብቅ። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሲሊንደር ወደ ግራ ስለሚዞር ዘንጉ እየላላ ይፈታና ሲሊንደሩ አልከፈት ይላል። በ1959 ገደማ ጥርሱን የግራ አደረጉት። ከዚያ በኋላ ዙሩ ራሱ ያጠብቀዋል። አንዲት ጥርስ ገልብጦ ችግርን መንቀል እንዲህ ነው! ከሞዴል ቁጥሩ ቀጥሎ የምትመጣዋ ሰረዝና አሃዝ የምትነግረን እንዲህ ያለ ለውጥ መደረጉን ነው።

«ኬ-22ና ኬ-38 ልዩነታቸው የጥይቱ ውፍረት ብቻ ነው»

በመልክ መንትያ ናቸው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩት ማስተርፒሶች ሦስት ናቸው፤ ኬ-22፣ ኬ-32 እና ኬ-38። አሁን እናስብ። አፈሙዙ ውጭው እኩል ከሆነና ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ብዙ ብረት ወጥቷል ማለት ነው። ኬ-38 ሊቀል ነው። የውድድር ተኳሽ ግን በአንዱ ተለማምዶ በሌላው ሲወዳደር እጁ ልዩነት እንዲያገኝ አይፈልግም።

ፋብሪካው ምን አደረገ? አፈሙዙ አናት ላይ የምትጋደመውን የብረት ጀርባ ስፋቷን ለየላቸው። ኬ-22 ላይ ጠባብ፣ ኬ-38 ላይ ሰፊ። በዚህ መንገድ ሦስቱም ጥይት ጎርሰው 38 ተኩል አውንስ፣ ማለትም 1 ኪሎ ከ90 ግራም ያህል እንዲመዝኑ ተደረገ። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ሽጉጡን ወስደው ጀርባውን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት። «ይሄን ሁሉ አስበውበት ነው?» አሉ። አዎ፣ አስበውበት ነው። እኔ እነዚህን ዕቃዎች የምወድበት ምክንያት ያ ነው።

«ምላጩ ስለለሰለሰ አርጅቷል»

አላረጀም። መዶሻው ወደ ኋላ ተስቦ ሲቀመጥ ምላጩ በትንሽ ጉልበት እንዲለቅ ሆኖ ነው የተሠራው። ዒላማ ተኳሽ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያ ነው የሚተኩሰው።

«38 ማለት 0.38 ኢንች ነው»

አይደለም። የኬ-38 ጥይት የሆነው .38 ስፔሻል ውፍረቱ 0.357 ኢንች ነው፤ 9.07 ሚሊ ሜትር ገደማ። ስሙ ከድሮ ጥይቶች የተወረሰ ነው። በ1935 የመጣው .357 ማግነም ውፍረቱ ተመሳሳይ ሆኖ ቀልሁ ይረዝማል፣ ግፊቱም እጅግ ይበልጣል። ለ.357 በተሠራ ሪቮልቨር .38 ስፔሻል ይተኮሳል። ተቃራኒው ፈጽሞ አይሞከርም።

«ሪቮልቨር ክፍተት ስላለው ዒላማ አይመታም»

በሲሊንደሩና በአፈሙዙ መካከል ወረቀት የምታሳልፍ ክፍተት አለች። እውነት ነው፣ ትንሽ ጋዝ ይወጣባታል። ጥቂት ፍጥነት ትቀንሳለች እንጂ ጥይቱን አታጣምመውም። ዒላማ የሚያስተው ሌላ ነው፤ ጎሬው ከአፈሙዙ ቀዳዳ ጋር ቀጥ ካላለ። የዒላማ ሪቮልቨር ዋናው ጥበብ ስድስቱንም ጎሬ በየተራቸው እኩል ቀጥ ማድረግ ነው።

በ1896 አቴንስ በተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሊምፒክ ጆንና ሰምነር ፔይን የተባሉ አሜሪካዊ ወንድማማቾች በሽጉጥ ውድድር አንድ አንድ ድል ወስደዋል። የተኮሱት በሪቮልቨር ነው። ክፍተቱን ጨርሶ የዘጉም አሉ። በ1895 የወጣው ናጋን የተባለ ባለ ሰባት ጎራሽ ሪቮልቨር መዶሻው ሲሳብ ሲሊንደሩ ወደ ፊት ሄዶ ከአፈሙዙ ጋር ይገጥማል። ሩሲያ ውስጥ የሚገኘው የቱላ ፋብሪካ ቆይቶ በዚሁ ዘዴ ቶዝ-36 የተባለ የውድድር ሪቮልቨር ሠርቷል።

«ሲሊንደሩን በእጅ አንጓ ወርውሮ መዝጋት ነው ደንቡ»

ከተሰበሰቡት አንዱ ወጣት ተቀብሎኝ እንደ ፊልም በእጁ ወረወረና ቀጭ አድርጎ ዘጋው። ጮህኩ። ሲሊንደሩን የሚሸከመው ክንድ ቀጭን ነው። እንዲህ ሲመታ ይጎብጣል፤ ያን ሁሉ የጎሬ ቀጥታ ይዞት ይሄዳል። በአንድ እጅ አካሉን ይዞ በሌላው አውራ ጣት ቀስ አድርጎ መግፋት ነው።

«የውርስ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም»

ያስፈልገዋል። ማርጀቱም፣ የአባት መሆኑም ፈቃድ አይሆንም። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው የጦር መሣሪያ ሁሉ በሥርዓት እንዲያዝ ነው። ጋሼ በዚህ የሚመሰገኑ ሰው ናቸው፤ ወረቀታቸው ከሽጉጡ ጋር በአንድ ሳጥን ነው የተቀመጠው።

«ቆዳ ማህደሩ ውስጥ ሲቀመጥ ይጠበቃል»

የመጨረሻው ክርክር ይህ ነበር። ቆዳ እርጥበት ይይዛል። ሲለፋ የገባበት ጨውና አሲድም ቀስ እያለ ብረቱን ይበላል። በሱሉልታ ክረምት ደግሞ ሣጥን ውስጥ ያለ ልብስ እንኳ ይርሳል። ማህደሩን ፀሐይ ሳይነካው ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ሰቀልነው። ሽጉጡን ዘይት በነካ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቀለልኩት። ጋሼ ቁልፉን ከአንገታቸው አውጥተው ሳጥኑን ቆለፉና በሁለት ወር አንዴ እያወጣሁ ልፈትሽላቸው አስማሙኝ።