28 ቀን የኖረው ደንብ፦ የአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ቆሻሻና የአፓላቺያ ጅረቶች

የጅረት ጥበቃ ደንብ የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች ተራራ ሲንዱ የሚያወጡትን አፈርና አለት በጅረት ላይ እንዳሻቸው እንዳይደፉ ለመገደብ ያወጣው ደንብ ነበር። በፈረንጅ አቆጣጠር ጃንዋሪ 19 ቀን 2017 ሥራ ላይ ዋለ፤ ፌብሩዋሪ 16 ቀን ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ የመሻሪያውን ውሳኔ ፈረሙ። ከተጸና 28 ቀኑ ነበር። ለማዘጋጀት ግን ሰባት ዓመት ገደማ ወስዷል። ጠቡን ከሥሩ ለሚያይ ደግሞ ነገሩ ከ1970ዎቹ ይጀምራል፤ የሚያጣላውም ከጅረት ዳር ያለች 30 ሜትር መሬት ናት።

ተራራው ሲነሳ ሸለቆው ይሞላል

አፓላቺያ በምሥራቅ አሜሪካ ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ የቆየ የተራራ ሰንሰለት ነው። ይህ ታሪክ የሚመለከተው በተለይ ደቡባዊ ዌስት ቨርጂኒያን፣ ምሥራቃዊ ኬንታኪን፣ ደቡብ ምዕራብ ቨርጂኒያንና የቴነሲን አንድ ጥግ ነው። ተራሮቹ ጠባብ በሆኑ ሸለቆዎች የተሰነጣጠቁ ናቸው። ያገሬው ሰው እንዲህ ያለውን ሸለቆ «ሆለር» ይለዋል። ቤቱም፣ መንገዱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም በዚያች ጠባብ ወለል ላይ ከጅረቱ ጎን ተሰልፎ ይገኛል።

ከሰሉ በተራራው ሆድ ውስጥ በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ በአግድም ተነባብሮ ተኝቷል። ድሮ ዋሻ ቆፍረው፣ ጎንበስ ብለው ገብተው ነበር የሚያወጡት። ተራራውን ከአናቱ የመናድ ዘዴ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተስፋፋ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ገነነ። ለዚህ አንዱ ምክንያት በ1990 የተሻሻለው የአየር ንጽሕና ሕግ ነው። ሕጉ የኃይል ማመንጫዎችን ሰልፈር ያነሰበት ከሰል እንዲፈልጉ አደረጋቸው፤ እንዲህ ያለው ከሰል ደግሞ በእነዚህ ተራሮች ውስጥ በብዛት አለ። አየሩን ለማጽዳት የወጣ ሕግ ሳያስበው በውሃው ላይ ሌላ መዘዝ ይዞ መጣ።

አሠራሩ ይህ ነው። መጀመሪያ ደኑ ይመነጠራል። ከዚያ አለቱ እየተቦረቦረ የአሞንየም ናይትሬትና የናፍጣ ድብልቅ ፈንጂ ይሞላበትና ይፈነዳል። ሕንጻ የሚያህል ድራግላይን የተባለ ማሽን ፍርስራሹን እየዛቀ ከሰሉን ይገልጠዋል። አንዳንድ ተራራ በዚህ መንገድ ከመቶ ሜትር በላይ ቁመቱን ያጣል። ጉድጓድ ቆፍሮ መልሶ ለመድፈን የሞከረ ሰው እንደሚያውቀው፣ የተቆፈረ አፈር ወደ ቦታው ሲመለስ ይተርፋል። የተሰባበረ አለትም እንዲሁ በመጠን ይነፋል። የተረፈው ፍርስራሽ ቅርብና ርካሽ ወደሆነው ቦታ፣ ከተራራው ሥር ወዳለው ሸለቆ ይገለበጣል። በሸለቆው ወለል ላይ ደግሞ ጅረት አለ።

ሁለተኛ ዓይነት ቆሻሻም አለ። ከሰሉ ከወጣ በኋላ በውሃና በኬሚካል ይታጠባል፤ እጣቢው ጥቁርና ወፍራም ዝቃጭ ሆኖ በሸለቆ አፍ በተሠራ ግድብ ውስጥ ይጠራቀማል። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ጅረቱን ይቀብራል፣ ሁለተኛው ካመለጠ ሰው ይገድላል።

ቡፋሎ ክሪክ፣ 1972

ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1972፣ ቅዳሜ ጠዋት ከሁለት ሰዓት ገደማ፣ በዌስት ቨርጂኒያ ሎጋን ካውንቲ ከቡፋሎ ክሪክ ጅረት ራስጌ የነበረው የከሰል ቆሻሻ ግድብ ተናደ። ግድቡ ራሱ ከከሰል ቆሻሻ የተቆለለ ነበር። ወደ 500 ሚሊዮን ሊትር የሚጠጋ ጥቁር ውሃ በጠባቡ ሸለቆ ቁልቁል ወረደ። ከታች በጅረቱ ዳር የተደረደሩ አሥራ ስድስት የማዕድን ሠራተኞች መንደሮች ነበሩ። 125 ሰዎች ሞቱ፤ በሸለቆው ይኖር ከነበረው 5,000 ያህል ሕዝብ ከ4,000 በላይ የሚሆነው ቤት አልባ ሆነ። ከአደጋው አራት ቀን ቀደም ብሎ አንድ የፌዴራል ተቆጣጣሪ ግድቡን አይቶ ደህና ነው ብሎ ነበር። ኩባንያው አደጋውን የእግዚአብሔር ሥራ አለው። ይህ አባባል በሸለቆው ሰው ልብ ውስጥ የተወው ቁስል ለመገመት አይከብድም። ግድቡን ማን እንደቆለለው ሁሉም በዓይኑ አይቷል። ክፍለ ግዛቱ 100 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ጠይቆ ከሰሰ፤ በመጨረሻ በ1 ሚሊዮን ዶላር ታረቀ።

እንዲህ ካለው ሐዘንና ቁጣ በኋላ የፌዴራል ሕግ የማውጣት ግፊት በረታ። ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ በ1974ና በ1975 የቀረቡላቸውን ረቂቆች ውድቅ አደረጉ። ጂሚ ካርተር ግን ኦገስት 3 ቀን 1977 የገጸ ምድር ማዕድን ቁጥጥርና መልሶ ማልማት ሕግን ፈረሙ። ሕጉ በአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሥር አንድ ተቆጣጣሪ ጽሕፈት ቤት አቋቋመ፤ ኩባንያዎችም ቆፍረው ሲጨርሱ መሬቱን ወደ ቀድሞ ቅርጹ እንዲመልሱ፣ ለዚህም ዋስትና እንዲያስይዙ አዘዘ። ዳሩ ግን ተራራን ከአናቱ መናድን አልከለከለም። መሬቱ በኋላ ለተሻለ ጥቅም ይውላል ከተባለ፣ ቅርጹን የመመለስ ግዴታው ሊነሳ ይችላል። ብዙ የኋላ ጣጣ በዚህች ቀዳዳ በኩል ገብቷል።

የ30 ሜትር ጥያቄ

በ1983 የወጣ ደንብ ከጅረት ግራና ቀኝ 100 ጫማ፣ ማለትም 30 ሜትር ያህል መሬት እንዳይነካ አለ፤ የሚነካ ከሆነም የውሃው ጥራት እንደማይጎዳ ተቆጣጣሪው ማረጋገጥ ነበረበት። ቃሉ ግልጽ ይመስላል። በተግባር ግን ተቆጣጣሪዎች ደንቡን ሲተረጉሙ ሸለቆ መሙላትን አይመለከትም አሉ። ከጅረቱ በ30 ሜትር ውስጥ መቆፈር የተከለከለ ሆኖ፣ ጅረቱን ራሱን ከነሕይወቱ መቅበር ተፈቀደ ማለት ነው።

ይህን በግልጽ የተናገረው የፌዴራል ዳኛ ቻርልስ ሄደን ነው። በኦክቶበር 1999 በዌስት ቨርጂኒያ በቀረበለት ክስ ላይ፣ ጅረትን ከመቅበር የበለጠ ጉዳት የለምና ደንቡ በሸለቆ ሙሌት ላይም ይሠራል ብሎ ፈረደ። ፍርዱ በ2001 በይግባኝ ተሻረ። የይግባኙ ፍርድ ቤት ጅረት መቅበር ትክክል ነው አላለም፤ ክፍለ ግዛቱ በዚህ ጉዳይ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊከሰስ አይችልም ነው ያለው። ዋናው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀረ።

በ2002 የጆርጅ ቡሽ አስተዳደር አንዲት ቃል ነካ፤ እኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ቁልፍ እሷ ናት ባይ ነኝ። በውሃ ንጽሕና ሕግ መሠረት «ቆሻሻ» መጣልና «ሙሌት» መሙላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሙሌት ለምሳሌ ለድልድይ ወይም ለግንባታ የሚደፋ አፈር ነው፤ ፈቃዱን የሚሰጠውም የጦር ሠራዊቱ የምሕንድስና ክፍል ነው። አዲሱ ትርጉም የማዕድን ፍርስራሽንም ሙሌት አደረገው። አለቱ ያው አለት፣ ጅረቱም ያው ጅረት ነው፤ ስሙ ስለተለወጠ ብቻ መደፋቱ ሕጋዊ ሆነ።

በዚህ መካከል የጠፋው ስንት ነው? የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በ2005 ያጠናቀቁት ጥናት ከ1985 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ከ1,100 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ጅረት በሸለቆ ሙሌት መቀበሩን ይገልጻል። ከ1992 እስከ 2002 ደግሞ በማዕድን ሥራው በአንድም በሌላም መንገድ የተነካው ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል።

ድንጋይ ገልብጦ ማየት

የሚቀበሩት ጅረቶች አብዛኞቹ ትንንሽ ናቸው። በአንድ እርምጃ ይሻገሯቸዋል፤ አንዳንዶቹ በበጋ ይደርቃሉ፤ በብዙ ካርታ ላይም መስመር የላቸውም። ይህን አይቶ «ይቺ ጅረት ናት?» የሚል ሰው ብዙ ነው። አባቶች «ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ፤ የወንዙ ሥር እነዚህ ናቸው። ደን ውስጥ ካለች ያልተነካች ምንጭ አንድ ድንጋይ ቢገለብጡ ከሥሩ ጠፍጣፋ፣ ባለ ስድስት እግር፣ ጅራታቸው ሦስት ክር የሚመስል የነፍሳት እጮች ተጣብቀው ይታያሉ። ጎናቸው ላይ ላባ የመሰለ ስንጥብ ይርገበገባል። ዕድል ካለ ቀጭን፣ እርጥብ፣ እንሽላሊት የምትመስል ሳላማንደር ሹልክ ትላለች። አፓላቺያ በሳላማንደር ዓይነት ብዛት በዓለም ከታወቁት ቦታዎች አንዱ ነው። እጮቹ የወደቀ ቅጠል ይበላሉ፤ ዓሣው እጮቹን ይበላል፤ የታችኛው ወንዝ ሕይወት ከዚህ ይጀምራል።

ከሸለቆ ሙሌት ሥር በሚወጣው ውሃ ውስጥ ግን ያው ድንጋይ ቢገለበጥ ብዙ ጊዜ እጭ የለም። ውሃው ለዓይን ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ነገሩን አስቸጋሪ ያደረገውም ይህ ነው። የዝናብ ውሃ በተሰባበረው አለት ውስጥ ሲንጠባጠብ ሰልፌት፣ ካልሲየም፣ ማግኒዥየምና ሴሊኒየም እያጠበ ይወርዳል። የጨውን መጠን በኤሌክትሪክ አስተላላፊነት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ውሃው ውስጥ ሲነከር፣ በንጹሕ ምንጭ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከ200 በታች ነው። የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በ2011 ለነፍሳቱ ሕይወት ድንበር ያደረገው 300ን ነው። ከሙሌት ሥር ከ1,000 በላይ ማንበብ የተለመደ ነው። ሴሊኒየሙ ደግሞ በዓሣ እንቁላል ውስጥ ይጠራቀማል፤ በዌስት ቨርጂኒያ መድ ሪቨር አካለ ጎደሎ የዓሣ ጫጩቶች ተገኝተዋል። በርካታ ሳይንቲስቶች በ2010 በጋራ ባወጡት ጽሑፍ፣ ጉዳቱ ዘላቂ መሆኑንና በመልሶ ማልማት ሥራም እንደማይጠገን ጽፈዋል።

የዝቃጩም አደጋ አላበቃም። ኦክቶበር 11 ቀን 2000 በኬንታኪ ማርቲን ካውንቲ የአንድ ዝቃጭ ማጠራቀሚያ ወለል ከሥሩ ወዳለ የተተወ የማዕድን ዋሻ ተደረመሰ። ከ1 ቢሊዮን ሊትር በላይ ጥቁር ጭቃ በሁለት ጅረቶች ወረደ። ሰው አልሞተም፤ በጅረቶቹ ውስጥ ግን ዓሣ አልተረፈም።

ደንቡ ምን ይል ነበር

የቡሽ አስተዳደር በ2008 መጨረሻ የ1983ቱን ደንብ አላልቶ ጻፈው፤ ያንን ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት በ2014 ሻረው፣ አሮጌውም ተመለሰ። የባራክ ኦባማ አስተዳደር ከ2009 ጀምሮ አዲስ ሲያዘጋጅ ቆይቶ በዲሴምበር 2016 አወጣ። ደንቡ ተራራ መናድን አልከለከለም፤ የአካባቢ ተቆርቋሪዎችም በዚህ ቅር ተሰኝተውበታል። የጠየቀው ይህን ነው፦ ኩባንያው ከመቆፈሩ በፊት ውሃው ምን እንደሚመስል ይለካ፣ እየቆፈረም ከላይና ከታች ይለካ፤ የነካውን ጅረት ቅርጹን ብቻ ሳይሆን ሕይወቱን ይመልስ፤ የአገሩን ዛፍ ይትከል፤ ከማዕድኑ ክልል ውጭ ላለ ውሃ «ከባድ ጉዳት» ማለት ምን እንደሆነም አስቀድሞ ይወሰን። መንግሥት በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ 9,600 ኪሎ ሜትር ጅረትና 21,000 ሄክታር ደን ይተርፋል ብሎ ገምቶ ነበር።

የአወጣጡ ሰዓት ግን ገደለው። በ1996 የወጣ አንድ ሕግ፣ ምክር ቤቱ በቅርቡ የወጣን ደንብ በተራ የድምፅ ብልጫ፣ በሴኔት ማጓተት ሳይኖር እንዲሽር ይፈቅዳል። ይህ ሥልጣን ከ2017 በፊት የሠራው በ2001 አንድ ጊዜ ብቻ ነበር። የተወካዮች ምክር ቤት ፌብሩዋሪ 1 ቀን 228 ለ194፣ ሴኔቱ በማግሥቱ 54 ለ45 ድምፅ ሰጡ። ከከሰል ግዛቷ ዌስት ቨርጂኒያ የመጡት ሴናተር ጆ ማንቺን ዴሞክራት ሆነው ሳለ ለመሻሩ ድምፅ ሰጥተዋል። ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነገር ሌላ ነው። በዚህ መንገድ የተሻረን ደንብ፣ ምክር ቤቱ በአዲስ ሕግ ካልፈቀደ በቀር፣ መሥሪያ ቤቱ «በመሠረቱ ተመሳሳይ» በሆነ መልክ ዳግም ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ከ2017 በኋላ የመጣ አስተዳደር ቢፈልግም እጁ የታሰረ ነው። ሥራ ላይ ያለው የ1983ቱ ነው።

የሻሪዎቹ መከራከሪያ ሥራ ነበር። የማዕድን ኩባንያዎቹ ማኅበር ደንቡ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሥራ ያጠፋል አለ፤ ፕሬዚዳንቱም ሲፈርሙ የማዕድን ሠራተኞችን አጠገባቸው አቁመው ነበር። የእነዚያ ሰዎች ፍርሃት እውነተኛ ነው። ከሰል በነጠፈበት ሆለር ሌላ ደመወዝ የለም፤ ቤታቸውም የሚሸጥ አይደለም። የከሰሉን ሥራ የቀማው ግን በዋናነት ይህ ደንብ አልነበረም። መጀመሪያ ማሽኑ፣ ቀጥሎ የረከሰው የተፈጥሮ ጋዝ ነው። በ2008 ከ1 ቢሊዮን ቶን በላይ የነበረው የአገሪቱ የከሰል ምርት፣ ደንቡ ከተሻረ ከሦስት ዓመት በኋላ በ2020 ከግማሽ በታች ወርዷል። በ2017 መጀመሪያ 50,000 ገደማ የነበሩት ሠራተኞችም በ2020 ቁጥራቸው ከዚያ ያነሰ ነበር።

ከደንቡ በኋላ ሌሎች ነገሮች ተከተሉ። በኦገስት 2017 የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከእነዚህ ማዕድናት አጠገብ የሚኖሩ ሰዎችን ጤና ሲያጠኑ የነበሩ ሳይንቲስቶችን ሥራቸውን እንዲያቆሙ አዘዘ። በሜይ 2023 ደግሞ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የውሃ ንጽሕና ሕግ የሚጠብቀው በአመዛኙ ዘወትር የሚፈስ ውሃን ነው ብሎ ስለወሰነ፣ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚፈስሱት ትንንሽ ጅረቶች ከፌዴራል ጥበቃ ወጥተዋል።

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ለምንኖር ሐበሾች ይህ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከቧንቧችን የሚወርደው ውሃ በአመዛኙ የፖቶማክ ወንዝ ነው፤ የፖቶማክ ሰሜናዊ ክንፍ ደግሞ ከዌስት ቨርጂኒያና ከሜሪላንድ ድንበር፣ ከአሮጌ የከሰል ዋሻዎች መካከል ይነሳል። ከእነዚያ ዋሻዎች የሚወጣው አሲድ የጅረቱን ድንጋይ ብርቱካንማ አድርጎት፣ በዚያ ክፍል ዓሣ ለብዙ ዘመን አልነበረም። ሜሪላንድ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ በጅረቶቹ ዳር ትንንሽ ጎተራ የሚመስሉ ማማዎች አቁማ ውሃው ላይ ኖራ ታፈስሳለች፤ ትራውት የተባለው ዓሣም ከዚያ ወዲህ ተመልሷል። ዋሻዎቹን የቆፈሩት አብዛኞቹ ኩባንያዎች ዛሬ የሉም፤ የኖራው ወጪ የሚከፈለው ከሕዝብ ገንዘብ ነው።