ወመህ ምንድን ነው?

ወመህ «የወላጅ መምህር ኅብረት» የሚለው ምኅጻር ነው፤ ተማሪ ሲታከልበት ወተመህ ይባላል። በጠቅላላ ጉባኤ ከተመረጡ ወላጆችና ከመምህራን ተወካዮች የሚቋቋም ኮሚቴ ነው። ከርእሰ መምህሩ ጋር ዕቅድ ያወጣል፣ ገንዘቡ የት እንደዋለ ይጠይቃል፣ የሥነ ምግባር ጉዳይ ያያል፣ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ይፈልጋል። የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ለኅብረተሰቡ በር ከፈተ፤ የ1994ቱ መመሪያ የኅብረቱን ሥራ ዘረዘረ።

ብዙ ወላጅ ግን ወመህን የሚያውቀው መዋጮ ሲጠየቅ ነው። ይህ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ለልጅ ውጤት የሚጠቅመው የገንዘቡ ሥራ ብቻ አይደለም፤ ከትምህርት የሚቀሩ ልጆችን መከታተሉም ነው።

ጅማን እንውሰድ። የሄርማታ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ሐሙስ ነው። እናት ገበያ ስትወጣ ታናሽ የሚጠብቅ ወይም ዕቃ የሚሸከም ልጅ ይፈለጋል። በሳምንት አንድ ቀን ቀላል ይመስላል፤ በ40 የትምህርት ሳምንት ግን 40 ቀን ነው፣ ከአምስት ቀን አንዱ። በዚህ ላይ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ይጨመራል። ቀድሞ የሚጎዳው ሒሳብ ነው፤ ሐሙስ ክፍልፋይ ያመለጠው ልጅ ዓርብ የሚሠራውን አይከተልም።

ስለዚህ የክፍል ኃላፊው መምህር የወሩን የቀሪ ድምር ብቻ ቢያይ ይሳሳታል። «በወር 4 ቀን» የታመመ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ አራቱም ሐሙስ ከሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ስም መጥሪያው በቀን በቀን ይነበብ። በተከታታይ ሁለት ሐሙስ የቀረ ልጅ ስም ለኮሚቴው ይሰጥ፣ በዚያው ሳምንት አንድ ሰው ቤቱ ይሂድ። የሚሄደው የሰፈሩ ሰው ቢሆን፣ በተለይም እናት ብትሆን ይመረጣል፤ ቤተሰቡ በሚናገርበት ቋንቋ፣ በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ቸገራችሁ?» ይሁን። «ለምን አልላካችሁትም?» ብሎ የጀመረ መልስ ሳያገኝ ይመለሳል።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ የሚያስተምር ከሆነ ልጁ ለለቀማው ወራት ፈረቃ ሊቀየርለት ይችላል። ታናሹን ጎረቤት እንድትይዝለት የዕድሩ ዳኛ ቢያነጋግሩ ይሰማሉ። ያመለጠው ትምህርት ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በማጠናከሪያ ይካካሳል፤ ከወር በኋላ ሳይሆን በዚያው ሳምንት።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? በልጁ እጅ የተላከ ደብዳቤ ቦርሳ ውስጥ ይቀራል፣ ቢደርስም ማንበብ የማይችል ወላጅ አለ። «ወላጅ አምጣ» የተባለ ልጅ የሰፈር ሰው «አጎቴ ነው» ብሎ ይዞ ይመጣል፤ ሲመዘገብ የወላጅ ስልክ መያዝና በዚያው መደወል ይህን ይዘጋል። ስብሰባ ሐሙስ ከተጠራ ነጋዴዋ እናት አትመጣም፣ ዓርብ ቀትር ከሆነ ጁምዓ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይሻላል፤ ጥሪውም በዕድሩ ጥሩምባ ነፊ ቢነገር ከወረቀት ይልቅ ይደርሳል። ኮሚቴውን ባለሀብት ብቻ መሙላትም ያዳክመዋል። ቤት ለቤት ለመሄድ ጊዜ የላቸውም።

ስለ መዋጮ አንድ ነገር። በመንግሥት ትምህርት ቤት አንደኛ ደረጃ ነጻ ነው፤ መዋጮ በጉባኤ የተስማሙበት የፈቃድ ነገር ስለሆነ ያልከፈለ ልጅ ከክፍል ሊወጣ አይገባም። የከፈሉ ደረሰኝ ይቀበሉ። በሚቀጥለው ጉባኤም ከገቢና ወጪው ሪፖርት በፊት የቀሪ ተማሪዎች ሪፖርት እንዲነበብ፣ በሳምንቱ ቀናት ተለይቶ፣ ይጠይቁ።