ማስመስከር፦ በወሎ የአብነት ትምህርት እንዴት ይጠናቀቃል?

በአብነት ትምህርት ቤት፣ ማለትም በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ባህላዊ ትምህርት ቤት፣ «ተመረቀ» ከማለት «አስመሰከረ» ማለት ይበልጣል። ተማሪው ጨረሰ የሚባለው ዓመት ተቆጥሮ አይደለም። መምህሩ «ይህ ልጅ ወንበር ዘርግቶ ማስተማር ይችላል» ብለው ሲመሰክሩለት ነው። አንዱ በሦስት ዓመት የሚጨርሰውን ጉባኤ (የትምህርት ክፍል) ሌላው ሰባት ዓመት ሊቀመጥበት ይችላል።

ወሎ በዚህ ትምህርት የቆየ አገር ነው። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን ትልቅ የትምህርት ገዳም ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም እዚያ ተምረዋል።

መንገዱ የሚጀምረው ከንባብ ቤት ነው። ፊደል፣ መልእክተ ዮሐንስ፣ ወንጌለ ዮሐንስ፣ ከዚያ ዳዊት። ዳዊት ከተደገመ በኋላ መንገዱ ይበተናል፤ ዜማ፣ ቅዳሴ፣ አቋቋም (በመቋሚያና በጸናጽል የሚዘመረው)፣ ቅኔ (የግዕዝ ግጥም)፣ የመጻሕፍት ትርጓሜ። ሁሉንም የሚያዳርስ ሰው ጥቂት ነው። ደግሞ ለየሙያው የምስክር ቦታ አለው። ድጓ (የዓመቱ የዜማ መጽሐፍ) የሚመሰከረው ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት (የቁርባንና የሙታን ጸሎት ዜማ) ዙር አምባ ነው። ሁለቱም ደቡብ ጎንደር፣ ጋይንት ናቸው፤ የወሎ ልጅ ስንቁን ይዞ ወደ ምዕራብ ይሻገራል። ቀድሞ የድጓ ተማሪ መጽሐፉን ከነምልክቱ በገዛ እጁ ይጽፍ ነበር። ያንን የሚያህል የመመረቂያ ሥራ ዛሬም ያለ አይመስለኝም።

በቅዳሴ ግን ሰው የሚመጣው ወደ ወሎ ነው። ሁለት የታወቁ የቅዳሴ ምስክር ቤቶች አሉ፤ አንዱ ትግራይ ያለው ደብረ ዓባይ፣ ሌላው የወሎው ሰላልኩላ። ተማሪው 14ቱን ቅዳሴያት በዜማ ያጠናል። የካህኑንና የዲያቆኑን ድርሻ፣ የሕዝቡንም ተሰጥኦ (መልስ) ለይቶ ማወቅ አለበት።

ቅኔ ደግሞ ዋድላ ነው። የቅኔ መንገድ ሲጠራ ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ዋድላ ይባላል፤ ሦስተኛው የሰሜን ወሎ ደጋ ነው። የቅኔ ቤት ውሎ ደስ ይላል። የኔታ (መምህሩ) ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ማለትም አዲስ ቅኔ ደርሰው ያሰማሉ፤ ተማሪው ግሱንና አገባቡን ይዞ ምሥጢሩን ያዳምጣል። ከዚያ ደበሎውን (የበግ ቆዳ ልብሱን) ተከናንቦ ከዛፍ ሥር ወይ ከድንጋይ ጥግ ብቻውን ይቀመጣል። ይህ ቆጠራ ነው፤ ቅኔውን በልቡ ማውጠንጠን። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፁ አይሰማም። ሲሞላለት ተነስቶ ለመምህሩ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ ወይም ሰሙና ወርቁ ካልገጠሙ ይታረማል፤ ተመልሶ ይቆጥራል። ካማረ «ይበል! ይበል!» ይባልለታል።

ጀማሪ ሁለት ቤት (ስንኝ) ብቻ ባለው የቅኔ ዓይነት፣ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀስ በቀስ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። በየቀኑ አዲስ! ለማስመስከር የተቃረበው ሰው ደግሞ ቅኔ ዘራፊና አስነጋሪ (የተማሪን ቅኔ ሰምቶ የሚያርም) ሆኖ ታናናሾቹን ያስተምራል። ለእኔ ትልቁ ፈተና ይህ ነው። ሰው ያወቀውን የሚያውቀው ሲያስተምር ነውና የኔታ የሚመሰክሩት ዓይናቸው ያየውን ነው።

ይህ ሁሉ በባዶ ሆድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ተማሪው አኮፋዳውን (የልመና ከረጢቱን) አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፣ ውሻ ያባርረዋል። በወሎ ደግሞ በዚያው አገር ደረሳው (የእስልምና ትምህርት ተማሪው) ቁርኣንና ኪታብ ሊቀራ ከሼኹ ዘንድ ይሰነብታል። እሱም ሲጨርስ ከሼኹ ኢጃዛ (የማስተማር ፈቃድ) ይቀበላል። ሁለቱም ጋ ዕውቀት የሚጸድቀው በመምህር ቃል ነው።

ምስክርና ክህነት ግን ይለያያሉ። ክህነት የሚሰጠው ጳጳስ ነው። ዲያቆኑ ቄስ ከመሆኑ በፊት በቁርባን ያገባል፣ ካልሆነም ይመነኩሳል። ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም።

በዘመናዊው መንገድ በነገረ መለኮት ማስተርስ የሚፈልግ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ይወርዳል። መጀመሪያ ዲግሪ ይጠየቃል፤ ኮርስ ይወሰዳል፤ የጥናት ጽሑፍ ተጽፎ በፈታኞች ፊት ይቀርባል። ጥሩ መንገድ ነው፣ አልነቅፈውም። የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው። አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ቅኔና ትርጓሜ ሲማር የኖረ ሊቅ የ12ኛ ክፍል ውጤት ስለሌለው ብቻ ከበር ሊመለስ ይችላል። ያንን ዕውቀት መዝኖ የሚቀበል ሥርዓት ቢኖር ምንኛ በጠቀመን።

አሁን አሁን ምስክርነቱ በወረቀት፣ በፊርማና በማኅተም ጭምር ይሰጣል። አዲሱ መምህር ወረቀቱን ይዞ ወደ አንድ ደብር ሲሄድ ወረቀቱ ይታይለታል። ሊቃውንቱ ግን ቀድመው የሚጠይቁት «ከማን ተማርክ?» ብለው ነው። እሱም የመምህሩን ስም፣ ቀጥሎም የመምህሩን መምህር ስም ይጠራል።